ያልደረቀ ክንፍ

መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ጉምሩኩ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረ። የአያ ዘሩ ጋራዥ ከዚያ ዛፍ ሥር ነበረ። ጋራዥ ይባል እንጂ አጥርም በርም አልነበረውም፤ አራት የግራር ምሰሶ፣ በላዩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ መሬቱም ለዓመታት ዘይት የጠጣ ጥቁር አፈር ነው። በ1966 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ ወደዚያች ከተማ ስመደብ ከጎንደር ያመጣኝ የጭነት መኪና መጀመሪያ የቆመው እዚያ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን ገና ሳያጠፋ፣ ከአንድ ትራክተር ሥር ሁለት እግራቸው ብቻ የሚታይ ሰው፣ "ሦስተኛው ማርሽህ ያለቅሳል፤ ከሸኸዲ ጀምሮ ስሰማው ነበር" አሉት።

አያ ዘሩ እኒያ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣታቸው ከመፍቻ እጀታ የማይለይ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በሥራቸው ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እሱንም ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። "ያልተሞከረ መኪና ከዛፌ ሥር አይነሣም" ይሉ ነበር።

ይህ ሕግ ስንቱን ሾፌር አስለቅሷል። አንድ የጥቅምት ቀን ቢሻው የሚባል አፈኛ ሾፌር ከደጋ የመጡ የአጨዳ ሠራተኞችን ጭኖ ወደ አብደራፊ ሊሄድ ሲጣደፍ አያ ዘሩ ፍሬኑን ጠግነው ጨረሱለት፤ ቁልፉን ግን አልሰጡትም።

"አያ ዘሩ፣ በማርያም! ሰሊጡ እኮ ማሳ ላይ ሊረግፍ ነው!"

"ይርገፍ። የሰው ጥርስ ከሚረግፍ የሰሊጥ ፍሬ ቢረግፍ ይሻላል።"

"ጠገኑት አይደል? ምን ቀረ?"

"መሞከር ቀረ።"

"እንዲህ ሲያሹት ሲያሹት መኪናው አርጅቶ ሊሞትብኝ ነው!"

"አርጅቶ መሞትን የመሰለ ምን አለ? አንተም እንደሱ ያድርግህ።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አያ ዘሩ ሁሉንም አስወርደው ባዶውን መኪና ብቻቸውን ወደ ጓንግ ወንዝ ቁልቁለት ነዱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በእግራቸው፣ አቧራ ለብሰው፣ መሪው የመታውን ደረታቸውን ይዘው ተመለሱ። ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ እንቢ ብሏቸው መኪናውን ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ጋር አላትመው ነው ያቆሙት። ከሠራተኞቹ መካከል አንድ የወሎ ሽማግሌ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቢሻው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲያ አፉን ዘጋ፤ ማለቴ፣ በአያ ዘሩ ፊት።

ሌላም የሚታወቁበት ነገር ነበር። የመፍቻ ሣጥናቸው ክዳን ላይ በምስማር የተመታች የመዳፍ ስፋት ያላት ቀላል ብረት አለች። በ1933 ዓ.ም.፣ እሳቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በመተማና በገላባት መካከል ሲዋጉ፣ ሁለት ክንፍ የደራረበች አውሮፕላን ከሰማይ ዞራ ዞራ ከጓንግ ማዶ ስትወድቅ አይተዋል። ከወደቀች በኋላ ሮጠው ደርሰው ይህችን ብረት ነቅለው አመጡ። "እግሯ አይታጠፍም። ክንፎቿ በሽቦ የታሰሩ ናቸው። አብራሪው ቀበቶው ሳይፈታ እንደ ተቀመጠ ነበር" ይሉ ነበር። ስለ አብራሪው ከዚያ በላይ አይናገሩም።

ይህን ታሪክ ከማንም በላይ የሰማው ሸጋው ነው። ሸጋው የአያ ዘሩና የእመት ሀብትነሽ ብቸኛ ልጅ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ሞተር በማድመጥ አባቱን ወጥቷል፣ በችኮላ ግን ማንን እንደ ወጣ አይታወቅም። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲስቅ ይቸኩላል። እናቱ፣ "ይህ ልጅ በሰባት ወሩ ነው የተወለደው፤ ያን ጊዜም መጠበቅ አልቻለም" ትል ነበር።

እንግዲህ ያንን ዓመት የነበረ ያውቀዋል። ኢዲዩ የሚባለው ፀረ ደርግ ጦር ከተማዋን ይዞ ከቆየ በኋላ ተባርሮ፣ ሠራዊቱ ገብቶ፣ ሰው ጎረቤቱን ማየት የፈራበት ጊዜ ነበር። የሰሊጥ መጋዘኑ እስር ቤት ሆነ። ከሱዳን የመጣ ሁሉ፣ ወደ ሱዳን የሄደ ሁሉ፣ "ምን ይዘሃል?" ይባላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት የመንግሥት እርሻው ሁለት ትራክተሮች ቆሙ፤ መለዋወጫው ከሱዳኗ ገዳሪፍ በቀር አይገኝም። ሸጋው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጽፎለት ተሻገረ። በአራተኛው ቀን መለዋወጫውን በጆንያ ተሸክሞ ሲመለስ ኬላው ላይ ፈተሹት። ከጆንያው ሥር አንድ ካርቶን ተገኘ።

ካርቶኑ ላይ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን ተስሏል። ውስጡ እንደ መስኮት ፍርግርግ በቀጫጭን ዘንግ የተያያዙ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ገጣጥመው አንዲት የክንድ ያህል እንኳ የማትሞላ አውሮፕላን የሚሠሩባቸው። ሸጋው ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ወደ አገሩ ከተመለሰ እንግሊዝ ቤት የወጣ ዕቃ ሲሸጥ አየው። ሥዕሉን ሲያይ የአባቱ አውሮፕላን መሆኗን አወቀ። ለአባቱ ስጦታ ብሎ ገዛው።

ከካርቶኑ ውስጥ ግን አራት ጊዜ የታጠፈ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ቀስትና ቁጥር የሞላበት የአውሮፕላን ሥዕል ወጣ። ሸጋውን ወደ መጋዘኑ፣ ወረቀቱን ወደ ካድሬው ወሰዱ።

ካድሬው ያረጋል ይባላል። የጎጃም ሰው ነው፤ ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም። በንዳድ በሽታ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ካፖርት ለብሶ በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰኞ ጧት ከክፍል አስጠርቶ ወረቀቱን አነብለት ዘንድ ሰጠኝ። አያ ዘሩም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"የመጫወቻ አውሮፕላን መሥሪያ ነው ጓድ። አካሏን ቁጥር በቁጥር አጣብቁ ይላል።"

"'መጫወቻ' የሚል ተጽፏል?"

ፈለግሁ። "አልተጻፈም።"

"እንግዲያስ የተጻፈውን ብቻ አንብብ።"

አነበብሁ። ሞተሩን አነበብሁ፣ ጎማውን አነበብሁ። ከዚያም፣ "ቁጥር ሃያ አንድና ሃያ ሁለት፣ መትረየሶቹን፣ ከታችኛው ክንፍ ሥር አጣብቅ" ብዬ አነበብሁ። ሌላ ቃል መፈለግ ይቻለኝ ነበር። አላሰብሁትም።

"የልጅ መጫወቻ መትረየስ አለው?" አለ ያረጋል።

አያ ዘሩ ያን ጊዜ ተናገሩ። "ጓድ፣ ከአፍ ይልቅ እጅ ይናገራል። ልሥራትና እይ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕልና እኔ የምሠራው አንድ ከሆነ መጫወቻ ነች። ካልሆነ እኔንም እዚያው አስገባኝ።"

ያረጋል ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ሰውየው ጅል አልነበረም፤ ክፉም መሆኑን እስከ ዛሬ ለመማል እቸገራለሁ። በላዩ የሚፈራው ሰው እንዳለ ግን ያስታውቃል።

"ጓድ ዘሩ፣" አለ፤ በዚያ ሰሞን ሽማግሌን አንቱ ማለት እንደ ፊውዳል ቅሪት ይቈጠር ነበር፤ "ሐሙስ ከጎንደር መኪና ይመጣል። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። እዚያ ከገባ በኋላ እኔ ምንም አላውቅም። ከሐሙስ በፊት ካመጣህልኝና ካመንሁ ልጅህን ወደ ቤትህ ትወስደዋለህ።"

"ወረቀቱን ስጠኛ።"

"ወረቀቱ ማስረጃ ነው። ከእኔ ዘንድ ይቀራል። ካርቶኑን ውሰድ።"

እንዲህ ሆኖ አያ ዘሩ ያለ ወረቀት፣ ከካርቶኑ ክዳን ሥዕልና ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ካዩት ጋር ብቻ፣ ሥራውን ጀመሩ።

እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድሁ እቀመጥ ነበር። የትራክተር ሞተር የሚፈታበትን ጠረጴዛ በቤንዚን አጥበው፣ ነጭ አቡጀዲ አንጥፈው ነበር። ቁርጥራጮቹን ከፍርግርጉ በምላጭ አንድ አንድ እየለቀሙ በብርጭቆ ወረቀት ጫፋቸውን ያሹታል። ከሎሪ ጎማ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ጣቶች የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር ሲይዙ ማየት ያስደንቅ ነበር።

"መምህር፣ ይቺ ምን ትመስልሃለች?"

"እንጃ። የጭስ መውጫ?"

"አይደለም። የጭስ መውጫ እንዲህ አይጠማዘዝም። ... ይቺ የእግሯ መቆሚያ ነች። አየኋት እኮ! ሳሩ ውስጥ ተሰክታ ነበር።"

የመጀመሪያው ችግር ማጣበቂያው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የነበረችው ቱቦ ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። አያ ዘሩ ሰኞ ከሰዓት በግራር ሙጫ ሞከሩ። አገሩ የሙጫ አገር ነው፤ ወረቀትም እንጨትም የሚጣበቀው በእሱ ነው። ማክሰኞ ጧት ሲነኩት ግን አካሏ እንደ ባቄላ ፍሬ ለሁለት ተከፈለ። ተቀምጠው አሰቡ።

"ሀብቴ፣" አሉ በኋላ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ "ያቺን አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያሽን ያበላሸሁብሽ ምን አስቀምጬባት ነበር?"

"ቤንዚን። ቀልጣ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቃ ቀረች። እስከ ዛሬ መች ተላቀቀች?"

"ብራቮ!" አሉና ተነሡ።

የተረፈውን ፍርግርግ በፒንሳ ሰባብረው በአንዲት ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ከቤንዚንና ከትንሽ አኳራጅ፣ ከቀለም ማቅጠኛው፣ ጋር ዘፍዝፈው ከደኑት። እኩለ ቀን ላይ ሲከፍቱት እንደ ማር ወፍሯል። በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከሩ አካሏን አገጣጠሙ፤ ያዘ። ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ቀስ ብሎ ነው። አንዱ መገጣጠሚያ እስኪጸና ግማሽ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ከችኮላ መጣ። በዚያው ማክሰኞ ከሁለት ቁራጭ ያጣበቁት የላይኛው ክንፍ ቶሎ ይድረቅ ብለው ከቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አስመቱት። ምሳ በልተው ሲመለሱ ክንፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ጫፍና ጫፉ ተቆልምሟል።  ውኃ አስፈልተው፣ ክንፉን ነክረው፣ በሁለት ሞረድ መካከል አስረው አቀኑት። ግማሽ ቀን ሄደ። "በሥራዬ የቸኮልሁት ዛሬ ብቻ ነው፤ አየህ ምን እንዳደረገኝ?" አሉኝ። ይህን አባባላቸውን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

እመት ሀብትነሽ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ መጋዘኑ ስንቅ ታደርሳለች። በሩን የሚጠብቀው ሰጠኝ የሚባል፣ ቀድሞ በጋራዡ ዕቃ ያጥብ የነበረ ጎረምሳ ነው። ጠመንጃ ይዞም አያ ዘሩን ሲያይ እጁን በሱሪው ይጠርግ ነበር፤ ዘይት ያለበት ይመስል። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ባዶውን ሳህን ራሱ ይዞት መጣ።

"ምን አለ ልጄ?" አለች ሀብትነሽ።

"ደኅና ነው። ይቀልዳል። ለአባቴ ንገረው አለኝ፤ 'አውቀዋለሁ፤ አንድ ሳምንት ነድቶ ሳይሞክራት አያመጣትም። አንድ ጊዜ እንኳ ይቸኩል በለው' ብሏል።"

አያ ዘሩ በአፍንጫቸው ሳቁ። "በልና ንገረው፤ ችኩል አባትና ችኩል ልጅ በአንድ ቤት አይስማማም። መኪናው መች ይመጣል ተባለ?"

"ሐሙስ ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ እኩለ ቀን ነው የሚደርሰው፤ አድሮ ዓርብ ይመለሳል።"

ይህን ሲል እኔም ነበርሁ። ሰጠኝ አልዋሸም። እስከዚያ ሳምንት ድረስ እንደሱ ነበረ።

ረቡዕ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀረው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ አብራሪው ነው። የጣት ጥፍር የምታህል፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ያደረገች ሰው። አያ ዘሩ በክብሪት እንጨቱ ጫፍ ማጣበቂያ ነክተው ሊያስቀምጧት ሲሉ ሀብትነሽ እጃቸውን ያዘች።

"እሱን አታስገባው።"

"ቦታው እኮ ነው። ቁጥር አለው።"

"ይኑረው። ልጄ ተዘግቶበት ሳለ ሌላ ሰው አትዝጋብኝ። ሸጋው ሲመጣ ራሱ ያስገባዋል።"

አያ ዘሩ አዩዋትና ትንሹን ሰውዬ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የመስታወቱን ክዳን ባዶው ላይ ገጠሙ።

ሁለተኛው የላይኛው ክንፍ ነበር። በአራት ጥንድ ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ነው የሚያርፈው። አያ ዘሩ እስትንፋሳቸውን ይዘው አሳረፉት። በየምሰሶዎቹ መካከል፣ ልክ እንዳዩት በሽቦ ፋንታ፣ የበቅሎ ጭራ ፀጉር ወጠሩ። በጎማዋ አቆሟት። ውልብልቢቷን እፍ ሲሏት ትዞራለች። ያቺ ነች፤ የክዳኑ ሥዕል ነች። በግራ በኩል ግን ማጣበቂያው ገና እርጥብ ስለሆነ ክንፉ በጥቂቱ ዘመም ይላል።

"አያ ዘሩ፣ አሁኑኑ እንውሰዳት" አልሁ።

"አልደረቀችም።"

"በሰፌድ አድርገን ቀስ ብለን..."

"መምህር፣ ስማኝ። ሰውየው ያነሣታል። ሲያነሣት ክንፏ እጁ ላይ ከወደቀ ምን ይላል? 'ይህ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም፤ ገጣጥመህ ልታታልለኝ ነው' ይላል። አንድ ዕድል ነው ያለኝ። ያልተሞከረ ነገር ሰጥቼ ልጄን አላስበላም።"

"ዘሩ፣ እንዲሁ ትሂድ" አለች ሀብትነሽ።

"ጧት። ሲነጋ ደርቃ ትገኛለች። መኪናው እኩለ ቀን ነው የሚመጣው አላለም?"

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ቀን ባስበው፣ ዛሬም ባስበው፣ ነገሩ ሁሉ ልክ ነበረ። ለዚህ ነው ያልተከራከርሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የከዳቸውን መኪና አስታወስሁ፤ የወሎውን ሽማግሌ አስታወስሁ። "እሺ" ብዬ ሄድሁ።

ሐሙስ በጧት፣ አያ ዘሩ ጣታቸውን መገጣጠሚያው ላይ ጫን አድርገው፣ "ደርቃለች" አሉ። በሰፌድ አድርገው ነጠላ ሸፈኑባት። ከፊት እኔ ድንጋዩን እያሳየሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ ሄድን። ሀብትነሽ የልጇን ንጹሕ ሸሚዝ ይዛለች፤ ከእስር ሲወጣ የሚለብሰውን።

የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰጠኝ ውስጡን ይጠርጋል። አይቶን ጀርባውን ሰጠን።

ሀብትነሽ ካለችበት ቆመች። አያ ዘሩ ግን አልቆሙም። በዚያው አካሄዳቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብተው ሰፌዱን ያረጋል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነጠላውን ገለጡ።

ያረጋል ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ አላውቅም። በጣቱ ቁጥር በቁጥር እየተከተለ ሞተሩን፣ ጎማውን፣ ምሰሶዎቹን፣ ከታችኛው ክንፍ ሥር ያሉትን ሁለት መትረየሶች አየ። አነሣት። ክንፏ አልወደቀም። ውልብልቢቷን በትንሹ ጣቱ ገፋት፤ ዞረች።

"ቁጥር አምስት የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ሰውየውስ?"

"ሰውየውን ከአንተ ልወስድ ነው የመጣሁት" አሉ አያ ዘሩ።

ያረጋል ወረቀቱን እንደ ነበረው አራት ጊዜ አጠፈው። "መንገዱ ላይ ሽፍታ አለ ተብሎ መኪናው ትናንት ማምሻውን ደረሰ። ገና ሳይነጋ ይዟቸው ወጣ።" ቀጥሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንቱ አላቸው። "ትናንት ቢያመጡልኝ ኖሮ..."

"ክንፉ አልደረቀም ነበር።"

"ባይደርቅስ? ክንፍስ ባይኖራት? አባት፣ እኔ አካሏን ብቻ ባየው ይበቃኝ ነበር።"

"አልነገርኸኝማ" አሉ አያ ዘሩ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር። "አልነገርኸኝማ።"

እውነት ይበቃው ነበርን? ወይስ የሆነ ነገር ከሆነ በኋላ ሰው እንደሚለው ነው? ይህን ያረጋል ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጣቸው። "ተመርምሮ መጫወቻ መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል ደብዳቤው፤ አንብቤላቸዋለሁ።

አያ ዘሩ አውሮፕላኗን በፍሬ ጥጥ ጠቅጥቀው፣ በእንጨት ሣጥን አድርገው፣ ደብዳቤውን በኪሳቸው ይዘው ጎንደር ሄዱ። አሥራ ሁለት ቀን ቆዩ። በየቀኑ ከእስር ቤቱ በር ፊት ለፊት ሣጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር። ሣጥኑን ማንም አልከፈተውም፣ ደብዳቤውንም ማንም አላነበበውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በረኛው የሸጋውን ስም ጠርቶ፣ "ስንቅ ከእንግዲህ አታምጡ" ብሎ፣ የተጠቀለለ ሸሚዝ ሰጣቸው።

ልቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። እመት ሀብትነሽ ወንፊት ይዛ ደጅ ወጥታ ሰሊጥ የምታበጥር መስላ አለቀሰች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወንፊታቸውን እየያዙ መጡ። ከመንገዱ ለሚያልፍ፣ ሥራ የበዛበት የመኸር ቀን ይመስል ነበር። ሦስት ቀን እንዲያ ሲያበጥሩ ዋሉ፤ ያው አንድ ቁና ሰሊጥ እየተመላለሰ።

አያ ዘሩ ሥራ አላቆሙም። ወደ ዛፉ ሥር ተመለሱ፤ አውሮፕላኗን ከቆርቆሮው ሥር በሽቦ ሰቀሏት። ያ ሕጋቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም። መኪና ሲመጣ ይጠግናሉ፤ የመጨረሻዋን ቡሎን ሳያጠብቁ ቁልፉን ለሾፌሩ ይዘረጋሉ።

"ውሰድ።"

በመጀመሪያ ሾፌሮቹ ደስ ያላቸው መሰሉ። ኋላ ፈሩ። አንድ ቀን ያ አፈኛው ቢሻው ራሱ ቁልፉን አልቀበልም ብሎ ቆመ።

"አያ ዘሩ፣ በእናትዎ ይሞክሩት። እኔ እጠብቃለሁ። እስከ ነገም እጠብቃለሁ።"

"ሂድ አንተ።"

"ሠላሳ ሰው ጭኛለሁ እኮ! ቢያንስ እስከ ጓንግ..."

"ሂድ ብዬሃለሁ፤ ሂድ! የሚጠብቅህ ሰው ይኖራል።"

ቢሻው ሠራተኞቹን አስወርዶ ራሱ ባዶውን ወደ ቁልቁለቱ ነዳው። ከዚያ ወዲህ የመተማ ሾፌሮች ከአያ ዘሩ ዘንድ የወጣን መኪና ሁሉ መጀመሪያ በባዶው ወደ ጓንግ ያወርዱ ነበር። ምክንያቱን የማያውቁ አዲስ ሾፌሮች ሳይቀሩ እንደዚያው ያደርጉ ነበር።

እኔ በ1976 ዓ.ም. ተዛውሬ ልወጣ ስል ልሰናበታቸው ሄድሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራና ጭስ የጠጣችው አውሮፕላን ጠቁራለች። የበቅሎው ጭራ ሁለት ቦታ ተበጥሷል። ሀብትነሽ ከጓዳ ወጥታ ሰላም ስትለኝ ዓይኔ ሳላስበው ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ። ነጠላው ሌላ ነው፤ ቋጠሮው ግን አለ።

አያ ዘሩ ከልጃቸው የራቀ ወሬ ሁሉ አወሩኝ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ጎንደር መንገድ። ሊሸኙኝ ተነሥተን በአውሮፕላኗ ሥር ስናልፍ ቆም አሉ። እጃቸውን ዘርግተው፣ በአውራ ጣታቸው የግራውን ክንፍ መገጣጠሚያ፣ ያቺ ዘመም ያለችውን ቦታ፣ ጫን አድርገው ያዙ። ረጅም ጊዜ ያዙ።

ሀብትነሽ ወደ እኛ ሳትዞር፣ በየቀኑ እንደምትለው ያለ በሚመስል ድምፅ፣

"ደርቋል፣ ዘሩ" አለች።

እሳቸው ግን ጣታቸውን ገና አላነሡም ነበር።